ግማሽ መልስ

ዘርትሁን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሆሳዕና ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርታለች። ፋይል ጠፋ ተብሎ ሌላው ሰው መደርደሪያ ሲያምስ እሷ ከወንበሯ ሳትነሣ «ሦስተኛው ረድፍ፣ ከታች» ትላለች፤ እዚያው ይገኛል። አባቷ ከመንዝ በመምህርነት ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። እሷም እዚሁ ተወልዳ፣ ሀዲይኛውን ለገበያና ለሰላምታ በሚበቃት ያህል ይዛ፣ ሳታገባ ሃምሳ አንድ ዓመት ሞላት። ስሟን ያወጡላት እናቷ ናቸው። ከእሷ በፊት የወለዷቸው ሦስት ወንዶች አንዳቸውም አርባ ቀን ሳይሞላቸው ሞተውባቸው ስለነበር እሷን ሲያቅፉ «ይቺ እንኳ ዘር ትሁንልኝ» አሉ ይባላል። ስለ ሦስቱ ልጆች ግን በቤቱ ወሬ አይነሣም ነበር። የት እንደተቀበሩም ዘርትሁን ጠይቃ አታውቅም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ የቆርቆሮ አዳራሽ ሕፃናትን ታስተምራለች። ከሁሉ የምትወደው ትምህርት ሥነ ፍጥረትን ነው። ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት ከእሑድ እስከ ዓርብ በጣቷ እየቆጠረች ስትዘረዝር ሕፃናቱ አፋቸውን ከፍተው ይሰሟታል። ብርሃን ሲፈጠር ዓይኗ ይበራል፤ አዳም ከአፈር ሲነሣ እጇ ራሱ ጭቃ የሚያድበለብል ይመስላል። ግን ቁጡ ናት። ትምህርቷ ሲቋረጥባት አትወድም። ወላጆቹም ይህን እያወቁ ልጆቻቸውን ይልኩላት ነበር፤ ከእሷ ዘንድ የተማረ ልጅ አይረሳማ።

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን፣ እሑድ ነበር፣ እንደለመደችው አዳምን ገነት አስገባችው። «በተፈጠረ በአርባ ቀኑ አዳም ገነት ገባ፤ ሔዋን በሰማንያ ቀኗ። ስለዚህ ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ትጠመቃለች። አዳም በልቶ ያጣትን ልጅነት ሕፃኑ በጥምቀት መልሶ ያገኛታል። ገባችሁ?»

ከመሐል አንዲት እጅ ተነሣች። ማኅሌት ናት፣ የሾፌሩ የዳኘና የገነቴ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመቷ። ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ዘርትሁን ድምጿን የሰማችው መዝሙር ላይ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ አርባ ቀን ሳይሞላው ቢሞትስ?»

«ሳይጠመቅ?»

«አዎ።»

«ያልተጠመቀ መንግሥተ ሰማያት አይገባም። ባለፈው ሳምንት ተምረናል።»

«ምን አጥፍቶ?»

«አዳም ያጠፋው አይበቃም?»

ከኋላ ያሉት ሁለት ልጆች ሳቁ። ማኅሌት ግን አልተቀመጠችም። ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨምድዳ «ሕፃኑ እኮ ዕፀ በለሱን አልበላም» አለች። «ጡት እንኳ አይጠባም።»

አሁን አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሕፃናቱ የሳቁት በማኅሌት ነው፤ ዘርትሁን ግን በእሷ የሳቁ መሰላት። ፊቷ ጋለ።

«ቁጭ በይ! የእግዚአብሔርን ፍርድ የምትመረምሪ አንቺ ማነሽ?»

ማኅሌት ተቀመጠች። ትምህርቱ እስኪያልቅም ቀና አላለች።

ዘርትሁን አዳራሹን ስትቆልፍ ነው ከልጆቹ አንዷ ጠጋ ብላ የነገረቻት። «እትዬ፣ የማኅሌት ወንድም እኮ ሆስፒታል ነው። ተወልዶ ዐሥር ቀኑ ነው።» ቁልፉን ይዛ ትንሽ ቆመች። የመልሱን ሌላ ግማሽ ታውቀዋለች። ለሞት የሚያሰጋው ሕፃን አርባ ቀን አይጠበቅለትም፤ በየትኛውም ቀን፣ በየትኛውም ሰዓት፣ ባለበት ቦታ ካህን መጥቶ ያጠምቀዋል። ይህንን ራሷ ለስንት ሰው ተናግራለች። ለማኅሌት ያልነገረቻት ረስታው አልነበረም። ልጅቷን ቁጭ ማስባል ስለፈለገች ነው።

«በሚቀጥለው እሑድ እነግራታለሁ» ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት አንድ ባለጉዳይ ስሙን ሲነግራት ፋይሉ የት እንዳለ ጠፋባት። ተነሥታ ፈለገች። ሦስት መደርደሪያ አዳረሰች። የሥራ ባልደረባዋ «ዛሬ ምን ነካሽ?» አለቻት። ስድስት ሰዓት ሲሆን ነጠላዋን አንሥታ፣ ምሳዋን ሳትነካ፣ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወጣች።

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል በር ላይ ነጭ ሻርፕ የለበሱ አንዲት አሮጊት መሬት ተቀምጠው በሀዲይኛ እየተናገሩ ያለቅሳሉ። የገነቴ እናት ናቸው። ገነቴ ያደገችው በፕሮቴስታንት ቤት ነው፤ ኦርቶዶክስ የሆነችው ዳኘን ስታገባ ነው። ከአጠገባቸው ማኅሌት ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ዘርትሁንን ስታይ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ነርሷ ሲስተር ሀሚዳ ከውስጥ ወጣች። በእጇ ወረቀት አለ።

«የገነቴ ዘመድ ነዎት?»

«የ... የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ።»

«እንግዲያው ይስሙኝ። ልጁ ሳንባ ምች ነው ያለበት። ኦክስጅን ላይ ነበር። ከሩብ ሰዓት በፊት 'በራሴ ፈቃድ' ብላ ፈርማ፣ ነቅላ ይዛው ወጣች። ለምኜአት ነበር፤ እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ከኦክስጅኑ ውጪ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እኔ አላውቅም።» ወረቀቱን ዘረጋችላት። «ሳይጠመቅ ቢሞትብኝ ሲኦል ይገባል ትላለች። ይህን ማነው የነገራት?»

መልስ የሰጠችው ማኅሌት ናት፤ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ።

«እኔ ነኝ የነገርኳት።»

«አንቺ አይደለሽም» አለች ዘርትሁን። «እኔ ነኝ። የት ሄደች?»

አሮጊቷ እንባቸውን በሻርፓቸው ጠርገው በተሰባበረ አማርኛ ነገሯት። ገነቴ ቤተ ክርስቲያን ደውላ ጥበቃው ስልኩን አንሥቶ ነበር። ካህናቱ የሉም፤ ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ታቦት ለማንገሥ ከከተማ ውጪ ጃጁራ ወርደዋል። «እኔ ልጄን አልኩ፤ ሕፃን ምን ኃጢአት አለው? ጌታ ያውቀዋል፤ እንጸልይ፤ ተይ። አልሰማችም። ጃጁራ ሄደች።»

ዘርትሁን ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታስታውስም። ባጃጁ ከመናኸሪያው በር ሲያደርሳት ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ በአንድ ጫፉ መሬት ይጎትት ነበር። የቀትር ፀሐይ ነው። የአዲስ አበባው አውቶብስ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ተሸካሚዎች ጆንያ እየወረወሩ ይጯጯሃሉ። «ጃጁራ! ጃጁራ! የሞላ! አንድ ሰው!» የሚል ረዳት በድምፁ አገኘችው። ሚኒባሱ ሞተሩ ተነሥቷል።

ገነቴ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ጋቢውን እስከ ጭንቅላቷ ተከናንባ፣ የታቀፈችው እንዳይነፍስበት ጎንበስ ብላ።

«ገነቴ! ውረጂ! እባክሽ ውረጂ!»

ገነቴ ቀና አለች። ዘርትሁንን ስታያት መጀመሪያ የተደሰተች መሰለች፤ እርዳታ የመጣላት መስሏት። «እትዬ ዘርትሁን፣ ካህናቱ ጃጁራ ናቸው አሉኝ። እኔ አራስ ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። ከደጅ ቆሜ ነው የምሰጣቸው። እርስዎ አብረውኝ ይምጡ፤ እርስዎ ሲነግሯቸው እሺ ይላሉ።»

«ጃጁራ አትሄጂም። ልጁን ወደ ኦክስጅኑ መልሺው። ካህን እኔ አመጣለሁ፤ እዚያው አልጋው ላይ ይጠመቃል።»

«አርባ ቀን አልሞላውም።»

«ለታመመ ሕፃን አርባ ቀን አይጠበቅም። ዛሬም ይጠመቃል። አሁንም ይጠመቃል።»

ገነቴ አፍጥጣ አየቻት። ዘርትሁን የገነቴ ፊት ሲለወጥ አየች።

«ይህን ትናንት ታውቂው ነበር?» አለች ገነቴ። እርስዎ ማለቱን ተወችው።

«አውቀው ነበር።»

«ልጄ ስትጠይቅሽ ታውቂው ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻትም? ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። 'እማዬ፣ ቶሎ አጥምቂው፣ ውጪ እንዳይቀር' እያለች። ለምን አልነገርሻትም?»

ረዳቱ መጣራቱን አቆመ። ዘርትሁን ብዙ ነገር ማለት ትችል ነበር። ሰዓቱ አልቆ ነበር፣ ልጆቹ እየረበሹ ነበር፣ ወንድሟ መታመሙን አላወቅሁም ነበር ማለት ትችል ነበር፤ የመጨረሻው እንዲያውም እውነት ነው።

«ልጆቹ ሲስቁ ተናደድኩ» አለች። «ዝም ላሰኛት ፈልጌ ነው።»

ገነቴ ፊቷን መልሳ በመስኮቱ ማዶ ተመለከተች። «ሂድ» አለችው ሾፌሩን። «ሂድ፣ እንሂድ።»

ዘርትሁን በሩን በሁለት እጇ ያዘች። አንዱ ተሳፋሪ «እመቤቴ፣ ወይ ይግቡ ወይ ይልቀቁ» አላት፤ ሌላዋ «ኧረ ልጁን እዩት፣ የሴትዮዋን ነገር ተዉትና ልጁን እዩት» ብላ ጮኸች። ዘርትሁን ስልኳን አውጥታ ጡረታ ለወጡት ለቄስ ወልደ ሰንበት ደወለች። እሳቸው እግራቸውን ስለሚያማቸው ጃጁራ አልወረዱም፤ ይህን ታውቃለች። ጠራ። ጠራ። አልተነሣም። እንደገና ደወለች። አልተነሣም። ሾፌሩ ማርሽ አስገባ።

ያን ጊዜ ገነቴ ጋቢውን ገለጠች።

የሕፃኑ ከንፈር ጠቁሯል። ደረቱ ወደ ውስጥ ጎደጎደ፣ ወጣ፣ ጎደጎደ፣ ከዚያ ቆመ። ዘርትሁን ከበሩ ሆና ታየው ነበር። ገነቴ እግሩን በጥፍሯ ቆነጠጠችው። ምንም የለም። ደግማ ቆነጠጠችው። እንደ ጭረት ቀጭን የሆነ ድምፅ አወጣና ደረቱ እንደገና ጎደጎደ።

ገነቴ የሰው ጉልበት እየረገጠች ከሚኒባሱ ወረደች። ዘርትሁን ልትይዛት እጇን ስትዘረጋ በክርኗ ገፋቻት። ባጃጅ ላይ የተቀመጡት ግን አንድ ላይ ነው። አስፋልቱን እስኪጨርሱ፣ ኮብልስቶኑን እስኪወጡ፣ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ገነቴ ጣቷን ከሕፃኑ አፍንጫ ሥር አላነሣችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባጃጁ አህያ ሲያሳልፍ በቆመበት፣ ለባለ ባጃጁ «ወንድሜ፣ በፈጠረህ» አለችው።

ሲስተር ሀሚዳ በር ላይ ነበረች። ሕፃኑን ተቀብላ ሮጠች።

ዘርትሁን አልገባችም። በዚያው ባጃጅ ወደ ቄስ ወልደ ሰንበት ቤት አዞረች። ቄሱ ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን በጨው ውኃ ይነክሩ ነበር። ስልካቸው ከቤት ውስጥ ቀርቷል። ነገሩን ገና በግማሹ ሲሰሙ እግራቸውን አውጥተው ሳያደርቁ ጫማቸውን ፈለጉ። መስቀላቸውንና ጸሎት የተደረሰበት ውኃ ያለበትን ጠርሙስ ይዘው፣ አንድ እጃቸውን በበትር፣ አንድ እጃቸውን በእሷ ትከሻ ላይ አድርገው ወጡ።

ባጃጁ ውስጥ ሁሉንም ነገረቻቸው። የእናቷን ሦስት ልጆችም ነገረቻቸው፤ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው ከአፏ ወጣ። «አባቴ፣ ማኅሌት ስትጠይቀኝ እነሱ ናቸው ትዝ ያሉኝ። እናቴ የጠየቀችው ካህን ይኖር ይሆን? ምን ብሏት ይሆን? እንጃ። ይህን ነገር እንዳላስበው ነው ልጅቷን ቁጭ በይ ያልኳት።»

ቄሱ ጠርሙሱን በጉልበታቸው መሐል አጥብቀው ይዘው ሰሟት። «የእናትሽን ልጆች ለፈጠራቸው ተዪለት» አሉ። «ስለ እነሱ እኔም አላውቅም፤ አውቃለሁ የሚልሽንም አትመኚው። አሁን ግን ይህ ልጅ ትንፋሽ አለው። ቶሎ በል፣ ልጄ!» አሉት ባለ ባጃጁን።

ክፍሉ ሲደርሱ ሲስተር ሀሚዳ በሩን ዘጋች።

«አባባ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ይህን ሁሉ ውኃ ማፍሰስ አይቻልም። ብርድ ከነካው ያልቃል። ከሙቀቱም አይወጣም።»

«ስንት ጠብታ ትፈቅጅልኛለሽ?»

ሀሚዳ ያልጠበቀችው ጥያቄ ነው። አሰበች። «ሦስት። ለብ ያለ መሆን አለበት። እኔ ነኝ የማሞቀው፤ ወዲያው ደግሞ አደርቀዋለሁ።»

«ሦስት ይበቃኛል» አሉ ቄሱ።

የክርስትና አባት የሚሆን ወንድ ጠፋ። ዳኘ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ነው፤ ቢኖርም አባት ለልጁ የክርስትና አባት አይሆንም። የኦክስጅን ሲሊንደር የሚቀይረው ሠራተኛ ኃይለኢየሱስ፣ አንገቱ ላይ ማተቡ እየታየ፣ «እኔ እሆናለሁ» ብሎ እጁን በሳሙና ታጠበና መጣ። ገነቴ ከአልጋው ራስጌ ቆመች። ዘርትሁን እንድትገባ ማንም አልጠራትም፤ ከመስታወቱ ውጪ ከማኅሌትና ከአያቷ ጋር ቀረች።

ጸሎቱ አጭር ነበር። በመስታወቱ የቄሱ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ አይሰማም። ሀሚዳ ውኃውን በትንሽ ስኒ አሙቃ አቀረበችላቸው። ቄሱ ጣታቸውን ነክረው በሕፃኑ ግንባር ላይ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አሳረፉ፤ ሀሚዳ በጨርቅ አደረቀችው። ክሩን በአንገቱ ሊያስሩለት ሲሉ ሀሚዳ ራሷን ነቀነቀች፤ ቱቦው እንዳይያዝ። እግሩ ላይ አሰሩለት። ቀኑ ሚካኤል ስለሆነ ወልደ ሚካኤል ተባለ። የገነቴ እናት ከመስታወቱ ውጪ ዓይናቸውን ጨፍነው በራሳቸው ቋንቋ ይጸልዩ ነበር።

ቄሱ ሲወጡ ገነቴ ተከተለቻቸው። «አባቴ፣ ሜሮኑስ? ቁርባኑስ?»

«ሲድን ቤተ ክርስቲያን ይዘሽው ትመጫለሽ። እስከዚያ ከዚህ ክፍል እንዳታወጪው። ይህችን ነርስ ስሚያት።»

«ካልዳነስ?»

ቄሱ በበትራቸው ላይ ተደግፈው ቆሙ። ከዚያ ማኅሌትን በጣታቸው ጠሯት፤ ለሁለቱም እንዲሆን።

«አዳም በልቶ የጸጋ ልብሱን ጣለ። ከዚያ ወዲህ የተወለድን ሁላችን ራቁታችንን ነው የተወለድን። ወንድምሽ አላጠፋም፤ ልክ ብለሻል፣ አልበላም። ግን ራቁቱን ነው። ራቁቱን የተገኘ ሕፃን ይለብሳል እንጂ አይገረፍም። ዛሬ አልብሰነዋል። ቢሞትም ቢድንም የለበሰ ነው።»

ማኅሌት ዘርትሁንን አየች፤ ከዚያ መልሳ ቄሱን አየቻቸው። «እርስዎ ባይመጡ ኖሮስ?»

«እሱን አላውቅም፣ ልጄ» አሉ ቄሱ። «እግዚአብሔር ግን ከእኔ እግር ይፈጥናል።»

ሕፃኑ ሦስት ቀን በአንድ ሁኔታ ቆየ። ዘርትሁን በየቀኑ በምሳ ሰዓቷ እየሄደች ከኮሪደሩ መጨረሻ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ገነቴ ታያታለች፤ አታናግራትም። ዳኘ ማክሰኞ መጥቶ ታሪኩን ሲሰማ አግዳሚው ድረስ ሄዶ ፊቷ ቆመ። ግዙፍ ሰው ነው። ምንም ሳይላት ብዙ ቆየና ተመለሰ፤ ዘርትሁን ቢሰድባት ይሻላት ነበር። በአራተኛው ቀን ሀሚዳ በኮሪደሩ ስታልፍ ሳትቆም «ዛሬ ጡት ጠባ» አለቻት። ቅዳሜ ዕለት ቱቦው ወጣለት።

እሑድ ዘርትሁን ሕፃናቱ ፊት ቆመች። ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት አልቆጠረችም። «ባለፈው እሑድ ማኅሌት ለጠየቀችኝ ጥያቄ ግማሽ መልስ ሰጠሁ» አለች። «ግማሹን የተውኩት ስለተቆጣሁ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ሕፃን ሊሞት ነበር። በእኔ ምክንያት።» የቀረውን ግማሽ ነገረቻቸው። አንድም ልጅ አልሳቀም። የማኅሌት ቦታ ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላም ሦስት እሑድ ባዶ ነበር። ከወላጆቹ ሁለቱ ልጆቻቸውን አስወጡ፤ አንዱ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ «አስተማሪ ልጆች ፊት እንዲህ ራሱን ካዋረደ ማን ይሰማዋል?» ብሎ ተናገረ። ዘርትሁን አልተከራከረችም።

ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ገበያ ውስጥ ከገነቴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሕፃኑ በጀርባዋ ታዝሎ ተኝቷል። ሁለቱም መንገድ ሊለቁ ፈልገው በአንድ ወገን ሄዱና ቆሙ።

«ደህና ነው?» አለች ዘርትሁን።

«ደረቱን አሁንም ያፍነዋል፤ መድኃኒት ይወስዳል። በአርባው ሜሮኑን ተቀብሏል፤ ቆርቧል።» ገነቴ ማዘያውን አጠበቀች። «እኔ ይቅር ብዬሻለሁ ማለት አልችልም። ልለው ሞክሬ ነበር፤ ያ መኪና ይመጣብኛል። ውሸት አልናገርም።»

«አትናገሪ።»

«ማኅሌት ግን መማር ትፈልጋለች። እናቴ በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ትማር ብላ ነበር፤ ማኅሌት ናት እምቢ ያለችው። ነገ ልልካት ነው። ብትጠይቅሽ...»

«እመልስላታለሁ።»

«ካላወቅሽው አላውቅም በያት። ይህን ብቻ ነው የምልሽ።»

«እሺ» አለች ዘርትሁን።

ገነቴ አልፋት ሄደች። ሕፃኑ በጀርባዋ ነቅቶ ኖሮ፣ ጭንቅላቱ እየተወዛወዘ፣ በዓይኑ የገበያውን ሰው ሁሉ ያያል።